እንቅልፍ በአፍዝ አደንግዝ አይገኝም

የሰው ጤና በምግብ፣ በውሃና በንጹሕ አየር ብቻ የሚጠበቅ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ከነዚህ ሦስቱ የማያንስ አራተኛ ምሰሶ አለ፤ እርሱም እንቅልፍ ነው። ስለ እጅ መታጠብና ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ ዘወትር ስንመክር፣ ስለ እንቅልፍ ግን እምብዛም ስንመክር አንሰማም። ይኸውም እንቅልፍ ያለ ትምህርትና ያለ ጥረት በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው ብለን ስለምናስብ ነው። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል።

በልብስ ስፌት ሥራ የሚተዳደሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጋ አንድ ሰው ከጥቂት ጊዜ በፊት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጡ። የግራ እጃቸውን ጣት የስፌት መኪናው መርፌ ዘልቆ ወግቶት ነበር። ቍስሉን አጥቤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከሰጠኋቸው በኋላ፣ ነገሩ እንዴት እንደ ደረሰባቸው ብጠይቃቸው «ሥራ ላይ እንዳለሁ ዓይኔ ተከደነብኝ» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ እንክብል አወጡ። ሌሊት እንቅልፍ ካጡ አራት ወር እንደ ሆናቸው፣ እንክብሉንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝተው እንደሚወስዱ፣ እርሱ አልሠራ ሲላቸው አንድ መለኪያ አረቄ እንደሚያስከትሉበት ገለጡልኝ። በመጨረሻም እንዲህ ሲሉ ለመኑኝ፦

«ዶክተር፣ እርስዎ ባሕር ማዶ የተማሩ ነዎት። በዚያ አገር በዓይናቸው ብቻ እያዩ ሰውን የሚያስተኙ ሐኪሞች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እባክዎ እኔንም እንደዚያ አድርገው ያስተኙኝ።»

«አባቴ፣ እኔ ጤና መኮንን ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም፤ አፍዝ አደንግዝም አልተማርሁም» ብዬ ሣቅሁ። እርሳቸው ግን አልሣቁም። ይህ ብቻ አይደለም፤ እኒሁ ሰው ከሁለት ወር በፊት ስለ ሳል ሊታከሙ መጥተው በነበረ ጊዜ «እንቅልፍም እንቢ ብሎኛል» ብለውኝ ነበር። እኔም «አይዞዎ፣ ያልፋል» ብዬ ተራ ጠባቂውን አስጠራሁ። እንግዲህ ጣታቸውን ከወጋው መርፌ ከፊሉ ጥፋት የኔ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ተጠየቅሁት ነገር ልናገር። አፍዝ አደንግዝ በአገራችን ሌባ ሰውን አደንዝዞ ገንዘቡን የሚወስድበት አስማት ነው ተብሎ ይፈራል። ሂፕኖሲስ የሚባለው የሕክምና ዘዴም ከዚህ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወራ አንዳንዱ ይፈራዋል፤ አንዳንዱም ያለ መጠን ተስፋ ያደርግበታል። እውነቱ ከሁለቱም የራቀ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፍራንዝ አንቶን መስመር የተባለ ሐኪም በማይታይ የመግነጢስ ኃይል ሕሙማንን እፈውሳለሁ እያለ በፓሪስ ከተማ ዝናው ገንኖ ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት አዘዘ፤ ከነዚሁም መካከል ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቩዋዚዬ ይገኙ ነበር። መርማሪዎቹ የተባለው ኃይል እንደሌለ፣ በሕሙማኑ ላይ የታየውም ለውጥ ከገዛ ምናባቸው የመነጨ መሆኑን ገለጡ።

ከ60 ዓመት ያህል በኋላ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረ ጄምስ ብሬድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም፣ አስማቱን ጥሎ ዘዴውን በሳይንስ መንገድ መመርመር ጀመረ። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍም «ሂፕኖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ስም አወጣለት፤ ትርጓሜውም እንቅልፍ ማለት ነው። ኋላ ግን ስሙ ሰውን እንደሚያሳስት ራሱ ብሬድ ተረድቶ ሊለውጠው ቢሞክር፣ ስሙ አንድ ጊዜ በሰው አፍ ገብቶ ስለ ነበር ሳይለወጥ ቀረ። በእርግጥም ዛሬ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመዘግብ መሣሪያ ሲታይ፣ በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ሞገድ የነቃ ሰው እንጂ የተኛ ሰው ሞገድ አይደለም። እንግዲህ ሂፕኖሲስ ማለት ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ሰውነቱን አላልቶ፣ አሳቡን በአንድ ነገር ላይ ሰብስቦ የሐኪሙን ቃል የሚቀበልበት ሁኔታ ነው። ያልፈለገን ሰው በዓይን አስተኝቶ የሚጥል ኃይል የለም።

ታዲያ ከንቱ ነገር ነውን? አይደለም። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ1958 በሠለጠነ ሐኪም እጅ ሊያገለግል የሚችል ዘዴ መሆኑን ተቀብለዋል። በ2014 በስዊዘርላንድ አገር በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለወጣት ሴቶች ከቀን እንቅልፋቸው በፊት ጥልቅ እንቅልፍን የሚጋብዝ የሂፕኖሲስ ቃል በድምፅ መሣሪያ አሰሙአቸው። ቃሉ በባሕር ውስጥ ወደ ጥልቁ የሚወርድ ዓሣን በአሳባቸው እንዲያዩ የሚያደርግ ነበር። ለእንዲህ ያለው ቃል ቶሎ የሚማረኩት ሴቶች ጥልቅ እንቅልፍ በ80 ከመቶ ያህል ጨመረላቸው፤ የማይማረኩት ግን ምንም አልተጠቀሙም። ደግሞም እነዚህ ሴቶች ጤነኞች ነበሩ እንጂ እንቅልፍ ያጡ ሕሙማን አልነበሩም። ስለዚህ ሂፕኖሲስ ለአንዳንድ ሰው ረዳት ሊሆን ይችላል፤ የሕክምናው መሠረት ነው ለማለት ግን አይቻልም።

እኔም ራሴ በተማሪነቴ ዘመን የበጋው ፀሐይ ዘግይቶ በሚጠልቅበት በሰሜን አውሮፓ ሳለሁ፣ በፈተና ጭንቀት ብዙ ሳምንታት እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ከፋርማሲ ቫለሪያን የሚባለውን የሥር መድኃኒት ገዝቼ ጠጣሁ። በሂፕኖሲስ ወደሚያክም ሐኪም ዘንድም ሄድሁ፤ ክንዴ ከበደኝ፣ ትንፋሼም ረጋ፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ጤናዬን የመለሰልኝ ኋላ የምገልጸው ሥርዓት ነው።

ስለ ቅጠላ ቅጠልም ያለኝ አሳብ ይኸው ነው። በውጭ አገር ቫለሪያንና ካሞሚል፣ በኛም አገር ጦስኝና ሌላውም ሁሉ ለእንቅልፍ ይመሰገናል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ለእንቅልፍ እጦት ቫለሪያንን እንዳያዙ መክሯል፤ ማስረጃው ደካማ ሆኖ አግኝቶታልና። የጦስኝ ሻይ ማታ በቡና ፈንታ ቢጠጣ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ እኔም እጠጣዋለሁ። ነገር ግን ስሙ የማይታወቅ ዱቄት ከገበያ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። ጤና አዳምንም ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠነቀቀው ይገባል፤ ማሕፀንን ያነሣሣልና።

ከተፈጥሮ መድኃኒት ሁሉ እኔ የማስበልጠው በየቤታችን የነበረውን ነው፤ እርሱም ማታ በሞቀ ውሃ እግርን መታጠብ ነው። አባቶቻችን እንግዳ ሲመጣ እግሩን ያጠቡ የነበረው ስለ ክብር ብቻ አልነበረም፤ የደከመውም ሰው በዚያ ያርፍ ነበር። ሙቅ ውሃ በእጅና በእግር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ በነሱም በኩል የውስጥ ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውስጥ ሙቀት ዝቅ ሲልም እንቅልፍ ይመጣል። በ2019 ብዙ ጥናቶችን ያነጻጸሩ ሊቃውንት ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀድሞ በሙቅ ውሃ መታጠብ ቶሎ ለመተኛት እንደሚረዳ ገልጠዋል።

እንቅልፍን የሚያባርሩትንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቡና የአገራችን ክብር ነው፤ እንተወው አልልም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ካፌይን ከጠጣነው በኋላ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶ እንኳ እኩሌታው በደማችን ውስጥ ይገኛል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት አስቀድሞ ቢወሰድም እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንግዲህ አቦል፣ ቶናና በረካው ከቀትር በፊት ቢያልቅ ይሻላል። የጫት ቅጠል ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለበት፤ ከሰዓት በኋላ ቅሞ ሌሊት እንቅልፍ መፈለግ እሳት ለኵሶ ብርድ እንደ መጠበቅ ነው። አረቄም አታላይ ወዳጅ ነው፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ይቀሰቅሳል። ከእንቅልፍ እንክብል ጋር ሲሆንማ ትንፋሽን አዳክሞ ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ እውነተኛው ሕክምና ምንድር ነው? የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ሊቃውንትም በ2017 ለቆየ የእንቅልፍ እጦት ከማናቸውም እንክብል አስቀድሞ የአሳብና የልማድ ሕክምና እንዲሰጥ መክረዋል። የቆየ የእንቅልፍ እጦት የሚባለውም በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሌሊት ሆኖ ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ሥርዓቱ በአጭሩ ይህ ነው፦

1ኛ/ ሌሊቱን ተኝተን ብናድርም ሳንተኛ ብናድርም፣ በሥራ ቀንም በበዓልም ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሣት።

2ኛ/ አልጋን ለእንቅልፍና ለትዳር ብቻ መተው፤ በአልጋ ላይ ሒሳብ መሥራትን፣ መጨነቅንና የእጅ ስልክ መመልከትን ማቆም።

3ኛ/ እንቅልፍ እንቢ ካለ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከአልጋ መነሣት፤ በደብዛዛ ብርሃን ጸጥ ብሎ ተቀምጦ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መመለስ።

4ኛ/ በአልጋ ላይ የምንቆይበትን ጊዜ በእውነት ከምንተኛው ጊዜ ጋር ማስተካከል። ይህ ከሁሉ የሚከብድ፣ ከሁሉም የሚጠቅም ነው። አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው ዘጠኝ ሰዓት በአልጋ ላይ ቢጋደም ትርፉ መገላበጥ ነው። መኝታውን ወደ አምስት ሰዓት ተኩል አሳጥሮ፣ እንቅልፉ ሲሞላለት በየሳምንቱ ሩብ ሰዓት ይጨምር። ከአምስት ሰዓት በታች ግን ማሳጠር አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያገኘው፣ ወይም መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይሞክር።

5ኛ/ ከመኝታ በፊት የሰውነትን ጡንቻ በየተራ አጠንክሮ መልቀቅና ትንፋሽን በዝግታ መሳብ። ሂፕኖሲስን የሚወድም ሰው ቦታው እዚህ ላይ ነው፤ የሥርዓቱ ረዳት ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን።

አንዳንድ ሰው «ይህ ብዙ ክፍል ላለው ቤት ነው፤ አንድ ክፍል ያለው ሰው ከአልጋው ተነሥቶ ወዴት ይሂድ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው እውነት አለው። ነገር ግን የሚያስፈልገው ሌላ ክፍል ሳይሆን ሌላ መቀመጫ ነው፤ በጥግ ያለች አንዲት በርጩማና አንድ ጋቢ ይበቃሉ። ሌላውም «እንቅልፌን የነሣኝ ልማድ ሳይሆን ኀዘንና ዕዳ ነው» ይላል። ይህም እውነት ነው። ሆኖም እንቅልፍ እጦትን የጀመረው ጭንቀት ካለፈ በኋላ እንኳ፣ በአልጋ ላይ ነቅቶ የመጋደም ልማድ ብቻውን ሲያስቀጥለው እናያለን። እያንኰራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት፣ ልቡ ያለ ልክ የሚመታበትና የሚከሳ፣ ወይም ኑሮውን ጠልቶ ሞትን የሚመኝ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይዘገይ ይመርመር፤ እንቅልፍ ማጣቱ የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላልና።

የልብስ ሰፊውን ነገር ልፈጽም። አረቄውን በዚያው ሳምንት ተዉት። እንክብሉን ግን በአንድ ጊዜ መተው ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል፣ ከሐኪም ጋር ተመካክረን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀነስንላቸው። ቀድሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጋደሙ የነበሩት ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ተኝተው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንዲነሡ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት «ልትገድሉኝ ነው» ብለው ተቈጡኝ። በሦስተኛው ሳምንት ዝም አሉ። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ስድስት ሰዓት ያህል መተኛት ጀመሩ። ዛሬም የሚከፋባቸው ሌሊት አለ፤ ነገር ግን አይፈሩትም፤ ተነሥተው በበርጩማቸው ይቀመጣሉ። ጣታቸውም ድኖ ሥራቸውን ይዘዋል።

ስለዚህ የማሳስበው ለሁለት ወገን ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ለሳልም ሆነ ለቍስል የመጣውን ሰው ሁሉ «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ጥያቄው የአንድ ደቂቃ ነው፣ መልሱንም እንደ እኔ በችኰላ አንለፈው። እንክብል ከማዘዛችንም በፊት ሥርዓቱን እናስተምር። አንባቢ ሆይ፣ አንተም እንቅልፍህን በገበያ አትግዛው፣ ከሰው ዓይንም አትጠብቀው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ነገሩ ገና ሳምንታት ሳለ ወደ ጤና ጣቢያ ና። ዛሬ ማታም እግርህን በሙቅ ውሃ ታጠብ፤ ነገም የማይለወጥ የመነሻ ሰዓት ቍረጥ።