ስለ ዘፈን ስምና ስለ ፊደል ተራ

ለልጅ ፊደል ከማስቈጠር የሚቀድም ትምህርት ቢኖር የእናት ዜማ ነው። ሕፃን «ሀ» ብሎ ከመጀመሩ በፊት «እሽሩሩ»ን እየሰማ ተኝቷልና። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ዐምዳችን ስለ ዘፈን ስምና ስለ መጀመሪያ ፊደሉ ጥቂት ነገር እንጽፋለን። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ቢመስልም፥ ከየቤቱ ሳይታወቅ የሚጠፋ ሀብት አለበትና ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደ ቀላል እንዳያዩት እንለምናለን።

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር እንነሣ። በጃፓን ፉጂዋራ ኖ ቴይካ የተባለ ባለቅኔ በ13ኛው መቶ ዓመት የመቶ ባለቅኔዎችን ግጥም፥ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እየመረጠ ሰበሰበ። ጃፓኖች ዘፈንንም እንዲህ ያለውን ግጥምም «ኡታ» በሚል በአንድ ቃል ይጠሩታል። እነዚህ መቶ ግጥሞች አርእስት የላቸውም፤ የሚታወቁት በመጀመሪያ ቃላቸው ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ በካርታ ላይ ተጽፈው የቤተ ሰብ ጨዋታ ሆኑ። በአዲስ ዓመት ቤተ ሰቡ ይሰበሰብና አንዱ ግጥሙን በዜማ ሲያነብ፥ የቀሩት መጨረሻው የተጻፈበትን ካርታ ለማንሣት ይሽቀዳደማሉ። በ«ሙ»፥ በ«ሱ»፥ በ«ሜ»፥ በ«ፉ»፥ በ«ሳ»፥ በ«ሆ»ና በ«ሴ» የሚጀምሩት ግጥሞች ለየፊደሉ አንድ አንድ ብቻ ስለ ሆኑ፥ ዐዋቂ ተጫዋች ያንኑ አንድ ድምፅ እንደ ሰማ እጁን ይሰነዝራል። በ«አ» የሚጀምሩት ግን 16 ናቸውና፥ የሚቀጥለውን ድምፅ እስኪሰማ መታገሥ አለበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የወሎ ዘፈንም እንዲሁ የራሱ የሆነ አርእስት እምብዛም የለውም። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን ያለ አገር ስም ነው። ባቲም ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። እነዚህ ሁለቱ ከትዝታና ከአንቺ ሆዬ ጋራ የአራቱ ቅኝቶች መጠሪያ ሆነዋል። ስለዚህ «አምባሰል ዝፈኝልን» የሚል ሰው የጠየቀው ቅኝቱን እንጂ አንድ የታወቀ ግጥም አይደለም፤ ዘፋኟ እንደ ቀኑና እንደ ሰዉ ሁኔታ የራስዋን ግጥም ታገባበታለች። ዘፈኖቻችንን በስማቸው ብቻ በፊደል ተራ ብናሰናዳ፥ በ«አ» ቤት አምባሰል፥ አንቺ ሆዬና አበባዬሆሽ፥ እሽሩሩም ጭምር ተጨናንቀው ይገኛሉ፤ በአምባሰል ስም ውስጥ ግን ስንት ግጥም እንዳለ ስሙ አይነግረንም። አንዱን ከሌላው የሚለየው እንደ ጃፓኖቹ ሁሉ የመጀመሪያው ስንኝ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ እንደ ጻፉ የታወቀ ነው። በዜማም በኩል የሁለቱ አገሮች መቀራረብ የሚያስደንቅ ነው። «ሳኩራ» የተባለው የታወቀ የጃፓን ዘፈን የሚዜምበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት፥ የድምፆቹ ርቀት ሲለካ ከአምባሰል ቅኝት ጋራ አንድ ነው፤ ይኸውም ግማሽ፥ ሁለት ሙሉ፥ አንድ ሙሉ፥ ግማሽ፥ ሁለት ሙሉ ነው። ስለዚህ የወሎ ሰው «ሳኩራ»ን ሲሰማ ቃሉን ባያውቅ ዜማው እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንግባ። በኮምቦልቻ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ አንድ ወዳጃችን፥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣ በደሴ የሚኖሩትን እናቱን ይጠይቅ ነበር። እናቱ በወጣትነታቸው በሠርግ ቤት ግጥም በማውጣት የተመሰገኑ ነበሩ። ወዳጃችንም የጃፓኖቹን ጨዋታ ሰምቶ፥ የእናቱን ዘፈኖች ጽፎ ለልጆቹ በካርታ ሊያዘጋጅ አሰበ። ደብተር ገዛ፤ ለየፊደሉ ገጽ ከፈለ፤ በ«ሀ» «ሆያ ሆዬ»ን አስቀድሞ ጀመረ።

እናቱ ግን ዘፈን የሚመጣላቸው በፊደል ተራ ሳይሆን ቡና ሲቈሉና ጥጥ ሲፈትሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡናውን እያመሱ በአምባሰል አንድ ግጥም አወጡ፤ የመጀመሪያው ቃል በ«አ» የሚጀምር ነው። ወዳጃችን «እማዬ፥ እሱን ቈይልኝ፤ ገና ‹ለ› ላይ ነን» አላቸው። እሳቸውም ሣቅ ብለው «ልጄ፥ ዘፈን እንግዳ ነው፤ በመጣበት ሰዓት ካላስገባኸው ደጅ አያድርልህም» አሉት። ደብተሩ «መ» ላይ ደርሶ የሙሽራ ዘፈኖች በሚጻፉበት ወራት እኒያ እናት ታመው ዐረፉ።

ደብተሩን አይተነዋል። በ«አ» ገጽ ላይ ከፊደሉ በቀር ምንም የለም። ወዳጃችን የዚያን ቀኑን ግጥም ለማስታወስ ይሞክራል፤ ዜማው አለ፥ የመጀመሪያው ቃልም አለ። ትልቋ ልጁ «አባዬ፥ ከዚያስ?» ስትለው ግን የሚመልሰው የለውም። ለጃፓኑ ተጫዋች አንድ ድምፅ ግጥሙን በሙሉ ያመጣለታል፤ ለወዳጃችን ግን ሙሉ ቃል ተይዞ ቀሪው አልተገኘም።

ጥፋቱ የፊደል ተራን መውደዱ አይደለም። ቴይካ አስቀድሞ ሰበሰበ፤ ካርታው የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ተራ የተሰበሰበውን ፈልጎ ለማግኘት ይረዳል እንጂ ያልተሰበሰበውን አያመጣም። የወሎ የእስልምና ሊቃውንት በአማርኛ የደረሱትን መንዙማ በዐረብ ፊደል ይጽፉት እንደ ነበር ስናስብም፥ ቃልን ከሰው ዕድሜ የሚያሻግረው መጻፍ መሆኑን እንረዳለን።

እንግዲህ እናትና አያት በሕይወት ያሉለት ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው። ዘፈኑን በመጣበት ሰዓት፥ በመጣበት ተራ ይጻፍ፤ በየኪሱ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀርፃልና ዜማውንም ይያዝ። ከግጥሙ ግርጌ የዘፈነችው ማን እንደ ሆነች፥ በምን ቅኝትና በምን ሥራ ላይ እንደ ሆነ ይመልከት። የፊደል ተራው ደብተሩ ከሞላ በኋላ በመጨረሻው ገጽ ይሠራል፤ ካርታውንም ልጆች ራሳቸው ይጽፉታል። ወዳጃችን አሁን ወደ ደሴ ሲወጣ ወደ አክስቱ ቤት ይሄዳል። አዲስ ደብተር ይዟል፤ ገጾቹን ግን በፊደል አልከፈላቸውም።