የነርስ ደመወዝ፦ 1,500 ብር መቼ 235 ይሆናል?

እንጅባራ ገበያ ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። በዚያው ከተማ ሥራ የምትመርጥ ነርስ ግን ብዙውን ጊዜ የምትጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የወር ደመወዙን።

በአንድ በኩል ሆስፒታሉ አለ፤ በሌላ በኩል በሽግግሩ መንግሥት ዘመን ለግል ሕክምና በሩ ከተከፈተ ወዲህ ሐኪሞች የሚያቋቁሟቸው ክሊኒኮች አሉ። የነርስን ጉልበት የሚገዙት እነዚህ ጥቂቶች ናቸው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ቀን ሆስፒታል የሚሠራው ሐኪም ማታ የክሊኒክ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ብዙ፣ ገዥው ጥቂት በሆነበት ገበያ ዋጋ የሚቆርጠው ገዥው ነው።

የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 ዓ.ም. የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በአንጻሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል አላስቀመጠም።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል አንድ ክሊኒክ 13,000 ብር እከፍላለሁ ቢል ልዩነቱ 1,500 ብር ይመስላል። ይሁን እንጂ መንግሥት ለሠራተኛው ጡረታ ከደመወዙ ላይ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ይህም 1,265 ብር ነው። ክሊኒኩ ነርሷን በጡረታ ካላስመዘገበ ትርፏ 235 ብር ብቻ ይሆናል። እሑድን ጨምራ የምትሠራ ከሆነ ይህችም ትጠፋለች።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ግን የባለቤቱ ችሮታ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል። ወላድም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከነደመወዟ ታርፋለች። ሦስት ነርስ ብቻ ላለው ክሊኒክ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ የቃል ውል የሚወደደውም ስለዚህ ነው። ሕጉ ግን ውሉ የቃል ቢሆንም እንኳ አሠሪው ዝርዝሩን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ክሊኒክ የራሱ ጥቅም አለው። የሕመምተኛው ብዛት ይቀንሳል፣ የሌሊት ተረኝነቱም ይቀላል። ይሁንና በማዋለጃ፣ በቀዶ ሕክምናና በድንገተኛ ክፍል የሚገኘው ልምድ በመርፌና በቁስል ማሰር አይተካም። ልምድ ደግሞ የነገ ደመወዝ ነው።

ልምድ ያላት ነርስ ከሆስፒታል ስትወጣ ኪሳራው የእርሷ ብቻ አይደለም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ይዞ ከገጠር የሚመጣው ገበሬ የሚታከመው በመንግሥት ተቋም ነው፤ ወደ ክሊኒኩ ሊከተላት አይችልም። ስለሆነም ሆስፒታሉ ሠራተኛውን ማቆየት ከፈለገ የትርፍ ሰዓት ክፍያን በወሩ መክፈል ይጀምር።

ነርሷም ደመወዙን ከመጠየቋ በፊት «በጡረታ ትመዘግቡኛላችሁ ወይ?» ብላ ትጠይቅ። 13,000 ብሩንም ጡረታውንም የሚከፍል ክሊኒክ ከተገኘ ያለ ጥርጥር መሄድ ይገባታል፤ የሚያመነታ ካለ ግን የደመወዙ ትልቅነት የተገኘው ከራሷ እርጅና ተቀንሶ መሆኑን ትወቅ።