ደረጃ ትንቢት አይደለም

የዊምብልደን ውድድር በቀረበ ቁጥር በመኝታ ቤታችንና በመመገቢያ አዳራሹ ነቢያት ይበዛሉ። አንዱ ሻዩን ይዞ፣ ሌላው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ፣ «ዘንድሮ እገሌ ይወስደዋል» ይላል። ለምን ቢሉት መልሱ ያው አንድ ነው፤ «በዓለም አንደኛ አይደለምን?» ይላል። እኔም የቴኒስ አፍቃሪ እንደ መሆኔ መጠን ይህን መልስ እየሰሙ ዝም ማለት ስለ ከበደኝ ይህችን ጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የደረጃ ሰንጠረዥ ምንድን ነው? ተጫዋቹ ባለፉት 52 ሳምንታት በልዩ ልዩ አገርና በልዩ ልዩ ሜዳ ያገኘው ነጥብ ድምር ነው። ከውድድሮቹም የሚበዙት በጠንካራ ሜዳና በሸክላ አፈር ላይ የሚደረጉ ናቸው፤ ለሣር ሜዳ የሚተርፈው በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በሣር ላይ ደግሞ ኳስ ዝቅ ብላ ትነጥራለች፤ ፈጥና ትሾልካለች፤ እግርም ያድጣል። የዊምብልደን አዘጋጆች ራሳቸው ይህን ስላወቁ እስከ 2019 ውድድር ድረስ ወንዶቹን ሲመድቡ በሣር ላይ ለተገኘ ውጤት ተጨማሪ ዋጋ ይሰጡ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ግን ትተውታል። እንግዲህ ሰንጠረዡ የትናንት መዝገብ እንጂ የነገ ዐዋጅ አይደለም። አባቶቻችን ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ያሉት ለዚህ አይደለምን?

የ1975ን የወንዶች ፍጻሜ እንመልከት። በአንድ ወገን ጂሚ ኮነርስ አለ፤ ዕድሜው 22፣ ያለፈው ዓመት ባለድል፣ የደረጃው አንደኛ፣ እስከ ፍጻሜው ድረስ አንድ ዙር እንኳ ያልተነጠቀ። በሌላው ወገን አርተር አሽ አለ፤ 32 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው፣ ከዚያ በፊት ኮነርስን አሸንፎት የማያውቅ። አብዛኛው ተመልካች ለኮነርስ ፈረደ። አሽ ግን ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት የባላጋራውን ጨዋታ መርምሮ ነበር። ኮነርስ ኃይለኛ ኳስ በመጣለት ጊዜ ያንኑ ኃይል አብዝቶ ይመልሳል፤ ስለዚህ አሽ ኃይሉን ነፈገው። ኳሱን አለስልሶ ዝቅ እያደረገ ወደ ፎርሃንዱ ላከ፤ ወደ መረቡ ሲጠጋበትም ከራሱ በላይ አሳለፈበት። በመጨረሻም 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 5 ለ 7 እና 6 ለ 4 አሸንፎ በዊምብልደን የወንዶች ነጠላ ውድድር የመጀመሪያው ጥቁር ባለድል ሆነ። ሰንጠረዡ የኮነርስን ጉልበት ቆጥሮ ነበር፤ የአሽን አእምሮ ግን ሊቆጥር አልቻለም።

2001ም ምስክር ነው። ጎራን ኢቫኒሴቪች በዚያ ዓመት በደረጃ 125ኛ ስለ ነበር ወደ ዊምብልደን የገባው በልዩ ጥሪ ነው። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ስሙንም አላነሣም። ነገር ግን ይህ ሰው በ1992፣ በ1994 እና በ1998 ለፍጻሜ የደረሰ፣ በግራ እጁ የሚልከው ሰርቭ በሣር ላይ ብዙዎችን ያስጨነቀ ነበር። ያወረደው የትከሻው ሕመም እንጂ ጨዋታው መበላሸቱ አልነበረም። እሱም ፓትሪክ ራፍተርን በአምስት ዙር ረትቶ ዋንጫውን አነሣ። ይህን ሰዎች ተአምር ይሉታል፤ እጁን ላየ ሰው ግን ማስረጃው ተደብቆ አልኖረም።

ታዲያ «እንግዲያውስ ሁልጊዜ ትንሹ ትልቁን ይጥላል» የሚሉ ወገኖች በዚህ ደስ እንዳይላቸው። ይህም ሌላ ሰነፍ ትንቢት ነው። በ2025 የወንዶች ፍጻሜ የተገናኙት አንደኛ የተመደበው ያኒክ ሲነርና ሁለተኛ የተመደበው ካርሎስ አልካራዝ ነበሩ፤ ድሉም የአንደኛው ሆነ። ደረጃ አንዳንድ ጊዜ እውነት ይናገራል። ክርክሬ ደረጃን ከተመለከቱ በኋላ ማሰብ ከሚያቆሙት ጋር ነው።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን ልደብቅ አልፈልግም። በ2023 ቱኒዚያዊቷ ኦንስ ጃበር ለሁለተኛ ጊዜ ተከታትላ ለፍጻሜ በደረሰች ጊዜ ታሸንፋለች ብዬ የማልኩ እኔ ነኝ። ምክንያቴ ምን ነበር? የአፍሪካ ልጅ ናት፤ እወዳታለሁ፤ ይኸው ነው። ማርኬታ ቮንድሩሾቫ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 አሸነፈቻት፤ በዊምብልደንም ከተመደቡት 32 ተጫዋቾች ውጭ ሆና ዋንጫ ያነሣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የእኔ ትንቢት ጸሎት እንጂ ምርመራ አልነበረም። በ2025 ደግሞ «ኢጋ ሽቪዮንቴክ የሸክላ አፈር ንግሥት ናት፤ ሣር አይሆንላትም» አልኩ። ከውድድሩ በፊት በባድ ሆምቡርግ ሣር ላይ ለፍጻሜ መድረሷን ሰምቼ ነበር፤ ዳሩ ግን የቆየ አስተያየቴን ላለመለወጥ ስል ናቅሁት። እሷ ግን የፍጻሜውን ጨዋታ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ጨርሳ አሳፈረችኝ። እፍረቱ ይገባኛል፤ ከሰንጠረዥ አምላኪዎች የምለየው በምን ነበር? እነሱ ለቁጥር ሰገዱ፤ እኔ ለገዛ አፌ ሰገድሁ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው ቢባል ባልተከራከርሁ። ዛሬ ግን ትንቢት ወደ ገበያ ወጥቷል። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ በ2025 ኮኮ ጎፍ የፈረንሳይን ዋንጫ በወሰደች ማግሥት «ሁለተኛ ተመድባለች፤ በመጀመሪያው ዙር አትወድቅም» ብሎ ከቤት የተላከለትን የወር ገንዘብ በውርርድ ቤት አስያዘ። የፈረንሳዩ ሜዳ ሸክላ አፈር፣ የዊምብልደኑ ሣር መሆኑን አላሰበም። ጎፍ በመጀመሪያው ዙር በዳያና ያስትሬምስካ ተሸነፈች። ጓደኛዬም ወሩን ሙሉ የፎቶ ኮፒና የሳሙና ገንዘብ ከእኛ ሲበደር ኖረ። በዚያው ሳምንት ከወንዶቹ ሦስተኛ የተመደበው አሌክሳንደር ዝቬሬቭም፣ ከሴቶቹ ሦስተኛ የተመደበችው ጄሲካ ፔጉላም በመጀመሪያው ዙር ወድቀዋል። ውርርድ ቤቱ ክፍያውን ሲተምን የራሱን ትርፍ አስቀድሞ አስቀርቶ ነው፤ የእናት ላብ በዚህ ሚዛን ላይ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? የተማረ ሰው እንኳን የወር ገንዘቡን የወር አሳቡን ለማንም ስም ማስያዝ ይገባዋልን?

መውቀስ ብቻ ፍሬ ስለሌለው አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። በመጪው ዊምብልደን በመዝናኛ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይሰቀል። መተንበይ የሚወድ ሁሉ የተጫዋቹን ስም ይጻፍ፤ ከስሙም ሥር ስለ ሰርቩ፣ ስለ ሣር ልምዱ፣ ስለ ጤንነቱና ስለ ባላጋራው ምክንያቱን ያስፍር። «አንደኛ ስለሆነ» የሚል ምክንያት ይሰረዝ። ገንዘብ አይኑር። ተሸናፊው ለአሸናፊው ሻይ ይጋብዝ፤ ከዚያም ለምን እንደተሳሳተ በሁላችን ፊት ይናገር። ስሕተቱን ቆጥሮ የሚያስረዳ ነቢይ በዕድል ልክ ከሆነው ይበልጣልና።

በሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። ከተሳሳትሁም ሻዩ በእኔ ነው።