ከመጋረጃው በፊት መስኮቱ



ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ካፖርቱንም ያወልቃል። ለደጋ ሳሎን የሚመረጠው ወፍራምና ጠቆር ያለ መጋረጃ ግን ሸዋ ሮቢት ባለችበት ቆላው ይፋት ውስጥም እንደተሰቀለ ነው። ይህ እትም ለቆላ ቤት የሚስማማውን ይመክራል።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ አቅጣጫ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ከሰዓት በኋላ ዝቅ የምትለውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል። ሙቀቱ መስታወቱን አንዴ ካለፈ ከውስጥ ያለ ጨርቅ ብዙም አይመልሰውም። ስለዚህ በረንዳ፣ ዛፍ ወይም ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ይቅደም። በበጋ ፀሐይ ለሚያገኘው የደቡብ መስኮት ወጣ ያለ የጣሪያ ክዳን ያግዛል፤ ለሰሜኑ ስስ ነጭ ጨርቅ ይበቃል።

ሁለተኛው የወባ ትንኝን ይመለከታል። ወደ ውጭ ለሚከፈት የብረት መስኮት የሽቦ ወንፊት ከውስጥ ይገጠማል። የመጋረጃው ዘንግ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ተርፎ ከተሰቀለ ደግሞ ጨርቁ ወደ ዳር ተሰብስቦ የማታውን ነፋስ ያሳልፋል።

ሦስተኛው ወደ ማድ ቤት ይገባል፦ አጭር፣ ታጣቢ፣ ከእሳት የራቀ መጋረጃ።

የዋጋ ነገር በየገጹ ተነስቷል። የእኛ አቋም ግን አንድ ነው፤ በጀቱ ጠባብ ከሆነ ወንፊቱና ጥላው ይቅደሙ፣ ጌጡ ይቆይ።



አዘጋጁ