ቀልዱ ከከተማው ይምጣ

ባለፈው የተማሪዎች ምሽት አንዱ ጓዳችን መድረክ ላይ ወጥቶ አማርኛ የሚሰባበርበትን የገጠር ልጅ እያስመሰለ አዳራሹን በሳቅ አናጋው። እኔም ስቄያለሁ፤ አልክድም። ከጎኔ የነበረው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን አልሳቀም። እሱ የሲዳማ ልጅ ነው፤ አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ከዚያች ምሽት ወዲህ በክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በሐዋሳ ተቀምጦ የሚያስቅ ነገር ቸገረኝ ማለት ይቻላልን? ከተማችን የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከነጎንደር ጋር ስትተያይ ገና ሕፃን ናት። ይህችው ሕፃን አንዱን ክፍለ ከተማዋን «አዲስ ከተማ» ብላ የቀረውን ሁሉ አስረጅታለች። (የአዲስ አበባውም አዲስ ከተማ ያን አሮጌ መርካቶ ታቅፎ እስከ ዛሬ አዲስ ነኝ ይላል።) ወደ አሞራ ገደል ደግሞ ውረዱ። አባ ኮዳ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ፣ ራሰ በራውን ገልጦ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ከዓሣ ሻጩ ፊት ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። ይህን ማን አስመስሎልን ያውቃል?

አለቃ ገብረ ሐና ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው በደካማ ስለ ቀለዱ አይደለም፤ በሚተረክላቸው ቀልድ እነ ምኒልክና ጣይቱ እንኳ አይቀሩም። የኛ ቀልደኛ ግን መልስ የማይሰጠውን መርጦ ይነካል።

ለሚቀጥለው ምሽት ያን የአንደኛ ዓመት ልጅ ጋብዙት። ይህን አገር ከሁላችንም ይበልጥ ያውቀዋል፤ ስለ እኛ ስለ መጤዎቹም የሚለው ሳይኖረው አይቀርም።