ዕውቀት ለሥራ፦ ኮምፒውተሩ ለምን ይጠፋል?

ወሩ ኅዳር ነበር። የቡና ለቀማ ጊዜ ነው። ከመቱ ከተማ ጥቂት ራቅ ባለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር በር ላይ ሰዎች ተሰልፈዋል። ቡናቸውን አስረክበዋል። የሚጠብቁት ገንዘባቸውን ነው። እኔም ከአባቴ ጋር ከሰልፉ ውስጥ ነበርኩ።

ጸሐፊዋ ስምና ኪሎ በኮምፒውተር ትጽፋለች። አርባ ያህል ስም እንደጻፈች ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ። የቤቱ አምፖል ግን እንደበራ ነው።

«ልጄ፣ ደግሞ ሞተ እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አልሞተም አባቴ፣ አሁን ይነሣል» አለች።

እውነትም ተነሣ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን እንደገና ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ 5 ደቂቃም አልቆየ። የተጻፈው ስም ሁሉ አልተቀመጠም ነበርና ጠፋ። በዚያ ቀን ገንዘብ የተቀበለ ሰው የለም። አንዲት እናት የልጃቸውን መድኃኒት ሳይገዙ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ ነው?

በሣጥኑ ውስጥ ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ አለ። ፕሮሰሰር ይባላል። ሲሠራ ይሞቃል። የብዙዎቹ የሙቀት ወሰን 100 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ወደዚያ ሲጠጋ በመጀመሪያ ሥራውን ያዘገማል። ሙቀቱ ካልበረደ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። የሚጠፋው እንዳይቃጠል ነው። ስለዚህ መጥፋቱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ፕሮሰሰሩን የሚያበርዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ብዙ ስስ ክንፎች ያሉት ብረት ነው። ሁለተኛው በላዩ የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው። እናንተ እርጥብ ቡና ስትከምሩ ከሥሩ ይግላል። በአልጋ ላይ ሳስቶ ሲሰጣ ግን ነፋስ ያገኛል። የብረቱም ክንፎች ሥራ ይኸው ነው፤ ሙቀቱን ለነፋስ ያሰጡታል። አቧራ በክንፎቹ መካከል ሲሞላ ግን ነፋሱ መንገድ ያጣል። በእኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ብዙ ነው። አቧራ እርጥበት ሲያገኝ እንደ ጭቃ ይጋገራል።

በመጀመሪያ ጥፋቱን ለዩ። አምፖሉ ሲዋዥቅ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከመብራቱ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ፣ ወዲያው ሲያስነሡት ደግሞ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀትን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ይህን በተራ አድርጉ፦

1. ሣጥኑ ያለበትን ቦታ ተመልከቱ። ከግድግዳ ጋር ተጣብቋል? ዳንቴል ለብሷል? ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል? አውጡት። ከኋላው አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ይኑረው።

2. አጥፉት። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። እስኪበርድ ጠብቁ።

3. ወደ ውጭ አውጥታችሁ የጎኑን ክዳን ክፈቱ። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። እርጥብ ጨርቅ አታስነኩ። ስትጠርጉ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት።

4. ክዳኑ እንደተከፈተ ገመዱን ሰክታችሁ አስነሡት። እጃችሁን ግን አታስገቡ። ማራገቢያው ይዞራል? ካልዞረ፣ ወይም እየተንቀራፈፈና እየጮኸ ከዞረ፣ ይለወጥ።

5. ይህም ሆኖ ከጠፋ፣ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው የሙቀት ቅባት ደርቆ ይሆናል። ባለሙያ አሮጌውን በአልኮል ጠርጎ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ቅባት ያድርግበት። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን አይተካውም።

ተጠንቀቁ! የመብራቱ ገመድ የሚሰካበትን የብረት ሣጥን በፍጹም አትፍቱ። ፓወር ሳፕላይ ይባላል። ገመዱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል። ሰው ይገድላል።

አንዳንዶች ክዳኑን ከፍተው መሥራት ይወዳሉ። ለአንድ ቀን ያሻግር ይሆናል። ነገር ግን አቧራው በዝቶ ይገባል። ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንመለስ። በማግሥቱ አንድ ወጣት ሣጥኑን ከፈተው። የቡና ገለባ ብናኝ በብረቱ ክንፎች መካከል እንደ ሱፍ ተጠቅጥቋል። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጠረገው። ኮምፒውተሩ እስከ ማታ ሳይጠፋ ሠራ። ሰዎቹም ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ደግነቱ የሚዛኑ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ነበር። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ የማን ቡና ስንት ኪሎ እንደሆነ ክርክር ይነሣ ነበር። ጸሐፊዋም ከዚያ ወዲህ አምስት ስም በጻፈች ቁጥር ሥራዋን ታስቀምጣለች።

ሽማግሌው ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ሣጥኑን ዘወር ብለው አዩት። «ለካ እሱም እንደ ሰው አየር ይሻል!» አሉ።

ተወያዩበት፦

ሀ. ኮምፒውተር ሲግል ራሱን የሚያጠፋው ለምንድን ነው?

ለ. የሙቀት ችግርና የመብራት ችግር በምን ይለያሉ?

ሐ. በቀበሌያችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ ወይም በማኅበራችሁ ያለው ኮምፒውተር መቼ ተጠረገ? ጠይቁና ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።