የተማሪው የራሱ ዓረፍተ ነገር የት አለ?

ግልጽ ደብዳቤ፦ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለምትገኙ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮችና ፈተና አዘጋጆች

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ 26 ዓመት ጠመኔ ይዤ ከቆምኩ በኋላ ነው። የምወቅሰው አሠራር እኔም ያደግሁበትና ለሌሎች ያወረስኩት ስለሆነ ወቀሳውን ከራሴ እጀምራለሁ።

አንድ ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፓስት ቴንስ ፈተና ሰጠሁ። ከ20 ጥያቄ 19 ያገኘ አንድ ልጅ ነበር። በማግስቱ ደግሞ «ቅዳሜ ስንቅ ልታመጡ ስትሄዱ ያደረጋችሁትን በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ» አልኳቸው። ኑሯቸውን ታውቁታላችሁ። ከተማ ለአራት ለአምስት ቤት ተከራይተው ይማራሉ፣ ቅዳሜ በእግራቸው ወደ ቀያቸው ይወጣሉ፣ እሑድ ድርቆሽና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ። ስለዚህ መንገድ የሚናገሩት ያጣሉ ብዬ አልጠረጠርኩም። ያ ልጅ የሰጠኝ ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ኤስ ሲደመር ቪ ቱ ሲደመር ኦ»። መጀመሪያ ያሾፈብኝ መሰለኝ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ግን ግንባሩ በላብ ርሷል። ያስተማርኩትን፣ ያንኑ ብቻ ነበር የጻፈልኝ።

ይህ ልጅ ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ በውሻ ተነክሶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ ነው። አንድ ቀን ከክፍል ውጭ ጠይቄው በግእዝ የራሱን ጉባኤ ቃና ቅኔ ነገረኝ። ግእዝ ማንም እናት ልጇን የማትቆጣበት፣ በገበያ እህል የማይሸጥበት ቋንቋ ነው። በሬዲዮ አይሰማው፣ በመንገድ አያገኘው። ሆኖም በዚያ ቋንቋ አዲስ ነገር ይፈጥራል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በተማረው እንግሊዝኛ ግን «ቅዳሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ» ማለት አቃተው። ከዚያ ቀን ወዲህ «አካባቢው ቋንቋውን አይናገርም፣ ልጆቹ ከየት ይስሙት» የሚለውን ማመካኛ ከአፌ አውጥቼዋለሁ። እናንተም እንድታወጡት እለምናችኋለሁ።

በዚህ አገር ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ከየአድባራቱ መምህራን ሊያስመሰክሩ ወደዚህ ይመጣሉ። የኔታ ቋንቋ እንዴት እንደሚያስተምሩ ግን ከእኛ መካከል ቁጭ ብሎ ያየ ስንት ነው? እኔ ያየሁት ከዚያ ልጅ በኋላ፣ ዘግይቼ ነው።

ቅኔ ቤት ሰዋስው አይናቅም። ተማሪው ስምንቱን የግስ አርእስት ከቀተለ እስከ ጦመረ ያወርዳል። ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል እያለ እርባውን ይዘልቃል፤ አገባቡን በቃሉ ያጠናል። ሕጉ ከእኛ ክፍል ቢበዛ እንጂ አያንስም። ልዩነቱ ሕጉ የሚውልበት ላይ ነው። ቀን ልጁ ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲመሽ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። የኔታ የጎበጠውን ያቀናሉ፣ ቤት ያልመታውን ይመልሳሉ፤ ልጁም ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጀማሪው ምሥጢር እስኪሞላለት አይጠበቅም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ ሦስት ቤቷ ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እያለ ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። የያዘው ሕግ ትንሽ ሲሆን የሚሠራውም ትንሽ ነው፤ ግን በየቀኑ ይሠራል። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። እነሱ ይወጡበታል፤ እኛ የመሰላሉን እርከን አስቆጥረን «ስንት ነው?» ብለን እንፈትናለን።

ልዩነቱን አልሸሽግም። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመታትንም ለዚያው ነው የሚሰጠው። የእኛ ክፍለ ጊዜ ያጥራል፣ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ ዴስኩ ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ግእዝም ለመነጋገሪያ አይማሩትም፤ ቅኔ ቤት ሊሰጠን የማይችለው ነገር አለ፣ ሁለት ልጆች ተያይተው የሚያወሩት ወሬ። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያን አንድ ነገር እንውሰድ የምለው፦ ጠዋት የተማሩትን ሕግ ማታ ራስ በፈጠሩት ነገር ማስነገር።

ከዚህ በፊት የተነገረን ደግሞ ሌላ ጽንፍ ነበር። አሠልጣኞች በሆቴል አዳራሽ ሰብስበው ሰዋስውን ተዉት፣ ልጆቹ ይነጋገሩ አሉን። ተመልሰን የመማሪያ መጽሐፉን ስንከፍት የንግግሩንና የድርሰቱን ገጽ ዘለን ሰንጠረዡን ብቻ በአማርኛ አብራራን፤ ፈተናው የሚወጣው ከዚያ ነውና። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱ መጣ። በስክሪኑ ያሉት መምህር ጠይቀው ልጁ እርሳሱን ሳያነሳ መልሱን ሰጥተው አለፉ። የዘዴው ስም ተለዋወጠ እንጂ ልጁ ከራሱ አፍ ምንም ሳያወጣ የሚወጣበት ክፍል ያው ነው።

ሰዋስው አያስፈልግም የሚለውን አልቀበልም። ካናዳ ውስጥ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ሒሳቡንም ሳይንሱንም በፈረንሳይኛ እንዲማሩ ተደርገዋል። ለዓመታት ሰሙ፣ አነበቡ፣ የሚሰሙትንም በሚገባ ተረዱ። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ስህተታቸው አልተላቀቃቸውም። ተመራማሪዋ ሜሪል ስዌይን ይህን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበችው ሐሳብ መስማት ብቻውን አይበቃም፣ ተማሪው ራሱ ለማውጣት ሲገደድ ነው የጎደለውን የሚያየው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ተመራማሪዎቹ ጆን ኖሪስና ሉርደስ ኦርቴጋ የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው ሲመዝኑ ሕጉን በግልጽ ማስተማር እንደሚጠቅም አሳይተዋል። ሁለቱን ስታገናኟቸው የየኔታን ቀንና ማታ ታገኛላችሁ፦ ሕጉ ይነገራል፣ ልጁ ያወጣል፣ መምህሩ ያቀናል።

ሰዋስው የሚጠቅምበትን ቦታም መምረጥ ይገባናል። በአማርኛ «ትናንት መጥቻለሁ» ያስኬዳል፤ እንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ ካም» ከሚለው ጋር «የስተርደይ»ን አያስቀምጥም። ይህን ልጅ በመስማት ብቻ አያገኘውም፤ አማርኛው ይጎትተዋል። አጠገብ ለአጠገብ ጽፎ ማሳየት ያስፈልጋል። «ትናንት የመጣው ልጅ» ብለን ገላጩን ከስሙ በፊት እናስቀድማለን፤ እንግሊዝኛ «ዘ ቦይ ሁ ኬም የስተርደይ» ብሎ ከስሙ ያስከትለዋል። ክፍላችሁ ውስጥ ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ ካለ ጠይቁት፤ ግእዝም «ብእሲ ዘመጽአ ትማልም» ብሎ ያስከትላል። ይህን ቅደም ተከተል በግእዝ ያውቀዋል፤ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ግን ዕውቀቱን የጠየቀው የለም። እኔ ለዓመታት ፓሲቭ ቮይስ ሳስገለብጥ፣ አንበሳውን የገደለውን ሰውዬ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሳመላልስ፣ ይህችን አንዲት ንጽጽር አላስተማርኩም።

ፈተና አዘጋጆች ሆይ፣ ትልቁ ሸክም በእናንተ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ያን እናንተ አትለውጡትም። ግን ውጤቱን ልብ በሉት። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ የ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ የ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ናቸው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ሁሉን በእንግሊዝኛ ላይ አልጭንም። ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ሦስት መስመር ጥያቄ አንብቦ የማይረዳ ልጅ ፊዚክስ ይወቅ አይወቅ በምን ይታያል? እናንተ የምታወጡት የሴሚስተር ፈተናና በእጃችን ያለው ተከታታይ ምዘና ግን ብሔራዊ ፈተናውን የግድ መምሰል የለባቸውም። ከመቶው ሃያውን እንኳ ልጁ በእጁ ለሚጽፈው አንድ አንቀጽ ስጡት። ማረሙ ይከብዳል፤ አውቃለሁ፣ በኩራዝ አርሜያለሁ። ሁሉን ስህተት አትቀቡት፤ በዚያ ሳምንት ያስተማራችሁትን አንድ ሕግ ብቻ ፈልጉና እሱን አቅኑ። ቀሪው ለሌላ ቀን ይሁን።

ይህን ዛሬ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ልጆች ዓመት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ አጥተዋል። ሲመለሱ «ወደ ኋላ ቀርተናል» በሚል ጥድፊያ የሕግ ዝርዝር አጭቆ ማስገልበጥ እንደሚጀመር እፈራለሁ። እነዚህ ልጆች የሚናገሩት ሞልቷቸዋል፤ በእርሻ የዋሉት፣ ከብት የጠበቁት፣ ወንድማቸውን የናፈቁት። ባሏቸው ጥቂት ቃላት፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ስለዚህ ኑሯቸው ይጻፉ።

ሱፐርቫይዘሮች ደግሞ ክፍል ስትገቡ የምትመለከቱት ዕቅዱ ስንተኛ ገጽ እንደደረሰና ሰሌዳው መሙላቱን ነው። በቅርቡ ጋይንትም ይሁን እስቴ ወይም ስማዳ አንድ ክፍል ስትገቡ፣ ከኋላ ወንበር የአንዲት ልጅ ደብተር አንሱ። ከሰሌዳ የተገለበጠውን እያለፋችሁ ልጅቷ ራሷ ያሰበችውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉና ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ቁጥር በግብረ መልስ ቅጹ ላይ ጻፉት፤ ለመምህሩም ለልጅቷም አሳዩ፣ በሚቀጥለው ወር ተመልሳችሁ ያንኑ ደብተር ክፈቱ።

በወንድማዊ አክብሮት፣
የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደቡብ ጎንደር